አድናቂ የሌለው መርማሪ

ክቡራን አንባብያን ሆይ፣ የሰው ልጅ ከዋሻ ወጥቶ መሥሪያ ቤት እስኪገባ ድረስ ብዙ የሥራ መደቦችን ፈጥሯል። ገበሬው ያርሳል፣ ሸማኔው ይሸምናል፣ ኃላፊው ይሰበስባል። ከእነዚህ ሁሉ ግን ውለታው የተረሳ፣ ሐውልት ያልቆመለት፣ የትራንስፖርት አበል እንኳ ያልተፈቀደለት አንድ መደብ አለ፤ እሱም የመርማሪ አድናቂነት ነው። እኔ አጵሎስ፣ ትውልዴ ገረሴ፣ መኖሪያዬ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር፣ መሥሪያ ቤቴ እዚያው ሴቻ፣ ይህን ታላቅ ሥራ በታማኝነት ሳገለግል ኖሬአለሁ።

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ያነበበ ሰው የምለው ይገባዋል። በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ብልህ መርማሪ አለ፤ አጠገቡ ደግሞ ደንዘዝ ያለ ወዳጅ አይጠፋም። ሬሳው ሲገኝ ወዳጅየው ይደነግጣል፣ መርማሪው ቀዝቀዝ ብሎ ያያል። ወዳጅየው ይገምትና ይሳሳታል፣ መርማሪው ፈገግ ይላል። በመጨረሻ ወዳጅየው «እንዴት አወቅኸው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ይነገረዋል፤ ቤቱ ገብቶ ይጽፈዋል። እስቲ ያንን ምስኪን ከመጽሐፉ አውጡትና እዩት! የሚጠይቅ ከሌለ ማን ይመልሳል? የሚሳሳት ከሌለ ማን ትክክል ይሆናል? አድናቂ የሌለው መርማሪ ማለት ቁልፉ ጠፍቶበት ኪሱን የሚዳብስ ሰው ማለት ነው። ይህን ትምህርት የሰጡኝ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ አቶ ሽበሺ ናቸው።

አቶ ሽበሺ ለሁለት ዓመት ብቻ ተብለው ከደሴ ተመድበው የመጡ ሰው ናቸው፤ ማንጎው ይሁን አሳው እንጃ ብቻ አንዱ ይዟቸው፣ ጡረታቸው እዚሁ አርባ ምንጭ ሊደርስባቸው ነው። የቢሯቸው መስኮት ጫሞ ሐይቅን ቁልቁል ያሳያል። ሌላ ሰው ቢሆን ሐይቁን ያይ ነበር። እሳቸው ግን መስኮቱን በመደርደሪያ ዘግተው የምርመራ ልብ ወለዶቻቸውን ደርድረውበታል። አንድ ቀን አስጠሩኝ።

«አጵሎስ፣ ቃለ ጉባኤ ጥሩ ትጽፋለህ ይሉኛል።»

«እሞክራለሁ ጌታዬ።»

«ስትጽፍ ግን የተባለውን ነው የምትጽፈው፣ ወይስ ሊባል የሚገባውን?»

«ኃላፊው ብለውት ቢሆን ደስ የሚላቸውን ነው።»

ከወንበራቸው ተነሥተው ትከሻዬን ያዙኝ። ዓይናቸው ውኃ ያቀረረ መሰለኝ። «አንተን ስፈልግ ኖሬአለሁ» አሉኝ።

የመጀመሪያው ጉዳያችን የጠፋው ማህተም ነበር። አቶ ሽበሺ ቢሮዎቹን ሁሉ አሸጉ፤ የጽዳት ሠራተኛዋን እስከ ቀትር አቆሙ፤ የእያንዳንዳችንን የእጅ አሻራ በስታምፕ ቀለም አስነሡ። ማህተሙ ከገዛ ኮታቸው ኪስ ወጣ። ተራ ሰው እዚህ ላይ ያፍራል። እሳቸው ግን ማህተሙን ወደ ብርሃን አንሥተው አገላብጠው አዩትና፣ «አየህ አጵሎስ፣ ሌባው ምርመራው ሲጠብቅበት ጊዜ ከእኔ ኪስ በቀር የማይፈተሽ ቦታ እንደሌለ ተረዳ» አሉ። «አስደናቂ!» አልኩና ጻፍኩ።

ሁለተኛው የማንጎው ጉዳይ ነበር። ከግቢያችን ዛፍ ላይ ማንጎ እየተለቀመ አስቸገረ። አቶ ሽበሺ በሜትር መሬቱን ለኩ፤ ልጣጩን አሸተቱ፤ ከዚያም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ወንጀለኛው ቁመቱ አጭር፣ እጁ ረጅም፣ ጫማ የማያደርግ፣ ከፍታ የማይፈራ ነው» አሉ። እሳቸው ይህን ሲናገሩ ከራሳቸው በላይ ካለው ቅርንጫፍ ላይ አንድ ዝንጀሮ ተቀምጦ ማንጎ እየላጠ ቁልቁል ያየኝ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን። እንግዲህ ማነኝና ነው ከመርማሪው ቀድሜ የማውቀው? የሥራ መደቤ አይፈቅድም።

«ምናልባት ዘበኛው ክብሩ ይሆን?» አልኩ።

«ተሳሳትክ!» አሉ በደስታ። «ክብሩ ጫማ ያደርጋል።»

በዚያች ቅጽበት፣ ከማለዳ ጀምሮ በጥርጣሬ ሲፈጠጥበት የዋለው ክብሩ ነፃ ወጣ። ማታ በር ላይ ጠብቆ እጄን ሊስም ቃጣው።

ወሬው በመሥሪያ ቤቱ ተሰማ። አጵሎስ የጠረጠረው ሰው እንደሚድን ሁሉም አወቀ። ከዚያ ወዲያ አንድ እቃ በጠፋ ቁጥር ቢሮዬ ደጃፍ ላይ ሰው ይሰለፋል። «ወንድም አጵሎስ፣ ባክህ እኔን ጠርጥረኝ፤ ባለፈው እሱን ጠርጥረኸው የለ?» ይሉኛል። ሹፌራችን አቡበከርማ ነገር ሳይጠፋ አስቀድሞ የአሳ ጥብስ በዳጣ እየጋበዘ፣ «ሲጠፋ እንዳትረሳኝ» ይለኝ ጀመር። መጠርጠር እንዲህ ክብር ሆኖ አያውቅም።

በዚህ ሁሉ መሀል እንድጠረጥራት ለምና የማታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ወርቂቱ። ባሏ ካረፈ ወዲህ ሁለት ልጆቿን በዚያች ደመወዝ ብቻ የምታሳድግ፣ እሑድ መዘምራን ውስጥ ከፊት የምትቆም፣ ሰኞ ደግሞ የተበደርከውን ስቴፕለር ካልመለስክ በሰው ፊት የምታዋርድ ሴት ናት። ምላሷ እንደ ዳጣ በርበሬ ነው፤ መጀመሪያ አይታወቅህም፣ ኋላ ይለበልብሃል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

ከበላይ አካል ታላቅ እንግዳ ሊጎበኙን ነው ተባለ። ለእንግዳ ደግሞ ስጦታ ያስፈልጋል። ዶርዜ ድረስ ታዞ፣ ክሩ የጠበቀ፣ ጥለቱ ያማረ፣ አዲስ ቡሉኮ ተሠርቶ መጣ። ወርቂቱ ተረክባ በፌስታል አድርጋ አቶ ሽበሺ ቢሮ ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ እሷ ጋ፣ አንዱ እሳቸው ጋ።

በዚያው ሳምንት የአባቴ አጎት ገረሴ ላይ ዐረፉ። ዕድሜያቸው ዘጠናን ካለፈ ቆይቷል። አቶ ሽበሺ መሥሪያ ቤቱን ወክለው ለቅሶ ሊደርሱኝ ተነሡ። ገረሴ እንደ አርባ ምንጭ አይደለም፤ ጭጋጉ ጆሮ ይቆርጣል። በኮት ብቻ ለመውጣት ሰቀጠጣቸውና፣ ዓይኔ እያየ ቁም ሳጥኑን ከፍተው የእንግዳውን ቡሉኮ አውጥተው ተከናነቡት። «ለቅሶ ያለ ቡሉኮ ነውር ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ነውር ነው።

በሙያው ደንብ ይህን እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ልደብቃችሁ ይገባ ነበር። የመርማሪ ወዳጅ ሁሉንም ካየ በኋላ ነው የሚጽፈው፤ እየጻፈ ግን እንዳላየ ይሆናል። እኔ ግን እናንተን ስለማከብር ልንገራችሁ።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ጢም ብሏል። አቶ ሽበሺ ተቀምጠው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ካሉ በኋላ ወደ ሟች ሴት ልጅ ጠጋ አሉ።

«ለመጨረሻ ጊዜ ያያቸው ሰው ማነው?»

«ሁላችንም ነበርን።»

«ምን በልተው ነበር?»

«ጌታዬ፣ አባቴ አርጅተው ነው የሞቱት።»

ወደ እኔ ዞሩና በጆሮዬ፣ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሉት» አሉኝ።

ምሳ ሲቀርብ ድንኳኑ ሞቀ። ሰው ሁሉ ቡሉኮውን እያወለቀ አግዳሚው ላይ ከመረ። ስንነሣ አቶ ሽበሺ አንዲት አሮጊት ጎረቤት ዓይኗን ለምን ሰበረች በሚል ሐሳብ ተጠምደው ስለነበር፣ ከክምሩ ላይ እጃቸው የገባውን አንሥተው ተከናነቡ። ያረጀ፣ ጫፉ የተጣፈ፣ የጓዳ ጭስ ጭስ የሚል ቡሉኮ ነበር። ሳቄ መጣ። እንዳልናገር ግን ሟቹን ማን ሊገድላቸው ይችል እንደነበር መዘርዘር ጀምረዋል፤ መርማሪ ሲያስብ አይቋረጥም። ሴቻ ስንደርስ በፌስታሉ ጠቅልለው፣ ሳያዩት፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ መልሰው ቆለፉበት።

እንግዳው ሊመጡ ቀናት ሲቀሩ ወርቂቱ ቡሉኮውን ልታናፍስ ፌስታሉን ፈታች።

«በኢየሱስ ስም!» ስትል ጩኸቷ እስከ ግቢው በር ተሰማ።

አቶ ሽበሺ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። ማህተም ምንድን ነው? ማንጎ ምንድን ነው? ይህ ግን ልክ እንደ መጽሐፍ ነው፤ አዲሱ ጠፍቷል፣ በቦታው አሮጌ ተተክቷል፣ ቁልፉ አልተሰበረም! ቡሉኮውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው እንደ ሐኪም ይዞሩት ጀመር።

«ምን ይሸትሃል አጵሎስ?»

«ጭስ ጌታዬ።»

«ስለዚህ ሌባው እሳት በሚነድበት ቤት የሚኖር ሰው ነው።»

«አስደናቂ!» አልኩ። በጋሞ ዞን እሳት የማይነድበት ቤት ስላለመኖሩ ላስታውሳቸው ሥልጣኑ አልነበረኝም።

«ይህስ ምንድነው? የእንጀራ ፍርፋሪ! ሌባው በልቷል። ርቦት አልነበረም፤ ስለዚህ የሰረቀው በችግር አይደለም፣ በክፋት ነው።» ያ ፍርፋሪ የለቅሶው ምሳ ነበር፤ አጠገባቸው ተቀምጬ በልቻለሁ። ጻፍኩት።

አቡበከርን ለብቻው ወስጄ፣ «አንተም እኮ ያን ቀን በመኪናው መስታወት አይተሃቸዋል» አልኩት።

«እኔ ሹፌር ነኝ» አለኝ። «የማየው ወደፊት ነው።»

ቁልፉ ሁለት ነውና ነገሩ ወደ ወርቂቱ እየጠበበ ሄደ። አቶ ሽበሺ በይፋ አልወነጀሏትም፤ ብቻ ስታልፍ ዓይናቸውን ጠበብ ያደርጋሉ። ጥፋተኛ ከተባለች ከሥራ ትሰናበታለች፤ ጉዳዩም ለሕግ ይቀርባል። ንብረት ክፍል ሄድኩ።

«እህት ወርቂቱ፣ አይዞሽ፤ ነገ በጉባኤው ላይ እጠረጥርሻለሁ።»

«ምን?»

«እኔ የምለው ሁሉ ስህተት ነው። አንቺ ነሽ ካልኩ አንቺ አይደለሽም ይላሉ። በቃ፣ ትድኛለሽ።»

እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ያላደረግኩትን አድርጋለች ብለህ ነው የምታድነኝ? ደግሞ ለምንድነው ዓይኔን የማታየኝ? ወንድም አጵሎስ፣ የምታውቀው ነገር አለ?»

«የማወቅ ድርሻ የእኔ አይደለም።»

«ካወቅክ ተናገር። ካላወቅክ ዝም በል። መሀል ላይ ሆኖ ማድነቅ የሚባል ሥራ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አላነበብኩም።»

ሴት ናት፣ ሥነ ጽሑፍ አታውቅም ብዬ አለፍኳት።

በማግስቱ ጉባኤው ተሰየመ። አቶ ሽበሺ እንደ ልማዳቸው፣ «እስቲ አጵሎስ፣ ያንተስ ግምት?» አሉ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አሳምሬ ተሳስቼ አላውቅም። ቡሉኮው ተጣጥፎ ነው የተገኘው፣ ማጠፍ የሚያውቅ የንብረት ክፍል ነው አልኩ። ከሁለት ቁልፍ አንዱ የመርማሪው ነው፣ መርማሪ ደግሞ አይሰርቅም አልኩ። «ዝንጀሮ የገዛ ጠባሳዋን ሳታይ በጓደኛዋ ትስቃለች» የሚለውን ተረት እንኳ ጨመርኩበት፤ የት ላይ እንደሚገባ ባላውቅም። ሰዎች አፋቸውን ከፍተው ሰሙኝ። ወርቂቱ ብቻ መሬት መሬት ታያለች። ጨርሼ «ተሳሳትክ» የምትለዋን ጣፋጭ ቃል ጠበቅኩ።

አቶ ሽበሺ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አጵሎስ» አሉ። «ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክል ነህ።»

«ተሳስቼ ይሆናል ጌታዬ!»

«ትህትና ነው።»

«ኧረ በእግዚአብሔር! እኔ እኮ ሁልጊዜ እሳሳታለሁ!»

«ደቀ መዝሙር አንድ ቀን መምህሩን ይደርስበታል። ጻፍ!»

የእግድ ደብዳቤዋን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወርቂቱ ፈርማ ተቀበለች። ቦርሳዋን አንሥታ ስትወጣ ቢሮዬ በር ላይ ቆመች። «ልጆቼ ትምህርት ቤት እናታቸው ሌባ ናት ሲባሉ፣ አንተ መጥተህ ታደንቅላቸዋለህ» አለችኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። አቡበከር አሳ ልጋብዝህ ቢለኝ እንኳ አልሄድኩም።

ስለዚህ የሙያውን ደንብ ጥሼ ለመናገር ቆረጥኩ። የአቶ ሽበሺን በር አንኳኩቼ ገባሁ።

«ጌታዬ፣ ገረሴ ለቅሶ የሄድን ቀን ቡሉኮውን የለበሱት እርስዎ ነበሩ። እዚያው ተቀየረብዎት። በዓይኔ አይቻለሁ።»

በሐዘኔታ አዩኝ። ተነሥተው ትከሻዬን ያዙኝ፤ ልክ እንደዚያን ቀን።

«አጵሎስ፣ ልጄ፣ አንዴ ትክክል ብትሆን ተሸብረህ ወደ ስህተትህ ተመለስክ። አይዞህ፣ ይህ ጤናማ ነው። ያንተ ቦታ እኮ እዚያ ነው!»

«ግን እኮ አየሁ!»

«አየሁ አልክ። ተመለከትክ ወይ? መርማሪው ራሱ ወሰደው የሚል መጽሐፍ የት አንብበህ ታውቃለህ?»

«አላነበብኩም።»

«በቃ!» አሉና ሻይ አዘዙልኝ። ለዓመታት ውሸቴን ብቻ እንዲሰሙ አስለምጃቸው ኖሮ፣ እውነቱን ስናገር የሚያውቁት የቆየ ስህተቴ መሰላቸው።

እንግዳው መጡ። አዳራሹ ቄጤማ ተጎዘጎዘበት፤ ባነሩ ተሰቀለ። በመርሐ ግብሩ ላይ «የስጦታ አሰጣጥ» የሚል ተጽፏል፤ ስጦታ ግን የለም። አቶ ሽበሺ እንደሆኑ መላ አይጠፋቸውም። በቡሉኮው ፈንታ ስለ ቡሉኮው መጥፋት የተደረገው ምርመራ ለእንግዳው በንባብ እንዲበረከት ወሰኑ። ቡሉኮ ያልቃል፣ ጥበብ አያልቅም አሉ። ወርቂቱም ውሳኔው በሰው ፊት ሲነበብ እንድትሰማ ተጠርታ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

ማይኩን ያዝኩ። «የተከበሩ እንግዳችን» ብዬ፣ የኃላፊያችንን አርቆ አስተዋይነት የሚያወድሰውን መግቢያ አንብቤ፣ ስለ ጭሱ የሚናገረው ክፍል ላይ ስደርስ በሩ ተከፈተ።

ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። ከፊት ያሉት ጋሽ ገነነ ናቸው፣ የገረሴ ሰው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው። በእጃቸው ርጥብ ሳር ይዘዋል። ርጥብ ሳር የያዘ የጋሞ ሽማግሌ ሲመጣ ዘበኛ «መታወቂያ» አይልም፤ ጦርም ቢሆን ይቆማል። ጋሽ ገነነ መሀል ወለሉ ላይ ተንበረከኩና ሳሩን አስቀመጡ። ትከሻቸው ላይ ዓይን የሚስብ አዲስ ቡሉኮ አለ።

«ማን አስገባችሁ?» አሉ አቶ ሽበሺ። «ምርመራ እየተነበበ ነው!»

«ይናገሩ» አሉ እንግዳው።

«ጎሜ አለብኝ» አሉ ጋሽ ገነነ፤ ጎሜ በእኛ አገር መዘዙ ቤት ድረስ የሚከተል ነውር ነው። «የሰው ነገር ለብሻለሁ። ከለቅሶ ተመልሼ ቤት ገብቼ ሳይ ጥለቱ የኔ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ላሜ ወተት ከለከለኝ፤ ልጄም ከፈረስ ወደቀ። ጎሜ ነው አልኩ። ከዚያ ለቅሶ ላይ የነበረውን ሰው ሁሉ በየቤቱ ሄጄ ጠየቅኩ። በግራዬ የተቀመጠው የኔ አይደለም አለ። በቀኜ የተቀመጠው የኔ አይደለም አለ። ፊት ለፊቴ የነበረው ይሄ ጌታ ብቻ ቀረ።» ወደ አቶ ሽበሺ አመለከቱ። «እሱ ስለ ሟች ይጠይቅ ነበር እንጂ ቡሉኮውን አያይም ነበር። ወንድሜ፣ ይኸው የራስህ። አሮጌው ካለህ ስጠኝ፤ ከሌለህም ይቅር በለኝ።»

በአንድ ጊዜ ሁሉም ሰው ጠረጴዛው ላይ በማስረጃነት የተዘረጋውን አሮጌ ቡሉኮ አየ። ጋሽ ገነነም አዩት። «እሰይ!» አሉ ፊታቸው በርቶ።

አቶ ሽበሺ ግን አቶ ሽበሺ ናቸው። ለአፍታ ፊታቸው ዐመድ መሰለ፤ ከዚያ እጃቸውን አጨበጨቡ።

«ወጥመዴ ሠራ! ይህችን ሰዓት ነበር የምጠብቀው! አጵሎስ፣ ጻፍ!»

በልማድ አፌ ተከፈተ። «አስደ...» ብዬ ከወርቂቱ ዓይን ጋር ተጋጨሁና እዚያው ቀረሁ።

በዚህ ጊዜ ጋሽ ገነነ ለዩኝ። «አጵሎስ! አንተ ነህ እንዴ ልጄ? አንተ እኮ አጠገቡ ነበርክ! ቡሉኮ ሲያነሣ አይተህ ሳቅክ እኮ፤ እኔ የኔ መሆኑን መች አወቅሁ፣ ምን ያስቀዋል ብዬ ነበር።»

የምሄድበት ጠፋኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አቡበከር ብቻ ወደፊት አየ።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ለአንድ ቡሉኮ ነበር፤ አንዲት ሴት በዚሁ ነገር ሌባ ተብላ ከሥራ እንደታገደች ሲሰሙ ግን ሳሩን እንደገና አነሡ። ይህ ከቡሉኮው የባሰ ጎሜ ነው፣ ሳይታረቅ ከዚህ አንወጣም አሉ። እግዱ እዚያው በእንግዳው ትእዛዝ ተነሣ። አቶ ሽበሺ ወርቂቱ ፊት ቆመው፣ ከወጥመዳቸው ጋር አያይዘው ይቅርታ ጠየቁ፤ ጋሽ ገነነ፣ «ወጥመዱን ተውና ይቅርታውን ብቻ በል» አሏቸው። አቶ ሽበሺም ብቻውን አሉት። ከዚያ ጋሽ ገነነ ወደ ወርቂቱ ዞሩ።

«ልጄ፣ ካሳሽን ተናገሪ።»

ሁሉም ሰው ከአቶ ሽበሺ አንድ ነገር ትጠይቃለች ብሎ ጠበቀ። ወርቂቱ ግን ወደ እኔ መጥታ እጇን ዘረጋች።

«ብዕሩን» አለች። «የዚህን ጉዳይ ቃለ ጉባኤ እኔ ልጻፈው። ከዛሬ ጀምሮም የሚጠፋውን ሁሉ።»

ሰጠኋት። ምን አደርጋለሁ?

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፣ በእኛ መሥሪያ ቤት የምርመራ ጥበብ እንዴት እንደሞተ ሰማችሁ። አሁን አንድ እቃ ሲጠፋ ወርቂቱ ብድግ ብላ «መጨረሻ የያዘው ማነው?» ትላለች፤ አንዱ «እኔ» ይላል፤ ይገኛል። ጥርጣሬ የለ፣ ፍንጭ የለ፣ አሻራ የለ! አቶ ሽበሺ መጻሕፍቱን ከመስኮቱ ላይ አንሥተው ሐይቁን ማየት ጀምረዋል፤ ጤናቸው ያሳስበኛል። እኔ ወደ ንብረት ክፍል ተዛውሬ በእሷ ትእዛዝ ወንበር አስተካክላለሁ። አቡበከርም አሳ አይጋብዘኝም።

ይህ ሁሉ አይደለም ያንገበገበኝ። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ የጻፍኩት ዘገባ አንድ ሙሉ ክላሰር ሞልቶ ነበር። ስለ ጭሱ ያለው ምዕራፍ ብቻ ቢነበብ የሚያስለቅስ ነው። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ስለ ራሴ የጻፍኩት ተደነቅኩ፣ ተገረምኩ፣ ተሳሳትኩ ብቻ ነው፤ የመርማሪ ወዳጅ ከጥላው አይወጣም። የወርቂቱ ቃለ ጉባኤ ግን ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። አቶ ሽበሺ አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን ገለበጡት፣ ሌላ ገጽ አለው ብለው።

«የቀረውስ?»

«አልቋል።»

«እንዴት እንደተደረሰበትስ? ጥርጣሬውስ? አንዳች አድናቆት እንኳ?»

«አልቋል አቶ ሽበሺ። ይፈርሙ።»

ፈረሙ፤ ማህተም ተደረገበት፤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። እስከ ዛሬ አለ። ሴቻ የምትመጡ ከሆነ ቆማችሁ ልታነቡት ትችላላችሁ፤ እኔ በየማለዳው ወንበር ተሸክሜ ሳልፍ አነበዋለሁ። እንዲህ ይላል፦

«ቡሉኮውን አቶ ሽበሺ ራሳቸው ለብሰውት ሄደው የሌላ ሰው ለብሰው ተመለሱ። አጵሎስ አይቷል።»